ከጀርባ ይሠራ የነበረው መቅጃ

ዳኛዋ ከፍ ባለው መቀመጫቸው ላይ ነበሩ። ከፊታቸው በስተቀኝ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ከሳሿ አስቴር ቆማለች። በስተግራ የአጎቷ ልጅ ተክሌና ጠበቃው ቆመዋል። ምስክሩ አባባ በራሶ በዕድሜያቸው ምክንያት ወንበር ተሰጥቷቸው መካከል ላይ ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው ማርቆስ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ጎንበስ ብሏል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር እኔ፣ የችሎቱ ጸሐፊ፣ በግራቸው በኩል ቆሜ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ይዤ ነበር። ፖሊሱ በሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከኋላዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ይሠራ ነበር። ጥቂት ቆይተው የኮምፒውተር ባለሙያው አቶ ታደሰ ገብተው እዚያ ተቀመጡ።

ጉዳዩ የመሬት ነበር። የአስቴር አባትና የተክሌ አባት ወንድማማቾች ናቸው። በሕይወት ሳሉ አንዱን ዳገት ለሁለት ተካፍለዋል፤ ሁለቱም ሞተዋል። ተክሌ መሬቱን በሙሉ ይዞ ክፍፍል የሚባል ነገር አልነበረም አለ። አስቴር ከላይ ያለው እንሰትና ከወንዙ በታች ያለው ቡና የአባቴ ድርሻ ነው ብላ ከሰሰች። ሲካፈሉ ቆመው ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት አባባ በራሶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እንሰቱም ቡናውም በእርሳቸው ቃል ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ጉዳይ በኋላ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ዲላ ቤቴ ሆኜ የሥራ ዘመኔን ሳስብ ሐሳቤ ቶሎ የሚሄደው ወደዚያ ችሎት ነው። ፍርድ ቤቱን በስም አልጠራም። የዚያን ቀን ነገር እንዲገባ ግን ያ ኮምፒውተር ምን ይሠራ እንደነበርና አቶ ታደሰ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሆኑ አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ፣ ዲላ ውስጥ በታይፒስትነት ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም በጊዜው ይበቃኝ ነበር። ታይፕራይተር ግልጽ ዕቃ ነው። ጣት ካልነካው አይሠራም፤ የሚሠራው ሁሉ ይታያል፣ ይሰማል። ባለቀለሙ ሪባን ሲደክም ፊደሉ ይደክማል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። የክፍላችን ታይፒስቶች ሁላችን አንድ ላይ ስንመታ ኮሪደሩ የበቆሎ መፈልፈያ ይመስል ነበር። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወናጎ ተዛወርኩ። ኮምፒውተር የጀመርኩት እዚያ ነው። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ሰው መጠርጠር ይወዱ ነበር። መጀመሪያ ደህና ይሠራ የነበረው ማሽን እየቆየ ሄዶ ጠዋት ከፍቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሣ የማገኘው ሆነ። አንድ ደብዳቤ ለመክፈት እንኳ ያቃስት ነበር። አለቃዬ ፍላሽ ከለከሉ። ከዚያ በሩን ቆለፉ። በመጨረሻ ከዲላ ባለሙያ ይምጣ አሉ፤ አቶ ታደሰ በሚኒባስ መጡ።

ሲቀመጡ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ "ሰዓት ያሰረ ሰው ይቸኩላል" አሉኝ። ቀጥለው መዳፋቸውን ከማሽኑ ጀርባ፣ ትኩስ አየር ከሚወጣበት ላይ አደረጉ። ከዚያ ዞር ብለው፣

"ማን ነው የሚሠራበት?" አሉ።

"እሷ ናት። ዘፈን ትሰማበታለች መሰለኝ" አሉ አለቃዬ።

"እርስዎን አልጠየቅኩም ጌታዬ፤ እሷን ነው። እትዬ፣ ምን ስትሠሪ ነው የሚብስበት?"

"ምንም ሳልሠራ" አልኩ።

"እሱ ነው ጥሩ መልስ" አሉ።

ሦስቱን ቁልፎች ባንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፈቱ። ማሽኑ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ነገር ሁሉ ተደርድሮ ወጣ። እኔ የከፈትኩት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን እንደ ገበያ ቀን ሰው ሞልቷል። አቶ ታደሰ ብዙ ሜሞሪ የያዘው ከላይ እንዲሆን አደረጉና እያንዳንዱን ጮክ ብለው እየጠሩ ይጠይቁ ጀመር።

"ይህን ማን ያውቀዋል?"

አለቃዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የመልእክት መላላኪያ ፕሮግራም ነው፤ ከሰዓት በኋላ እርሳቸው ናቸው የሚጠቀሙበት። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠራ አብሮ ይነሣል። ከእርሱ በታች ሌላ የመልእክት ፕሮግራም፣ ከእርሱም በታች ሌላ ነበር። ሌላው ደግሞ ከአለቃዬ ስልክ የገባውን የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ከጀርባ ወደ ኢንተርኔት ይጭናል። ማሽኑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልካቸው ነበርና ካርዳቸው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ያን ዕለት አወቁ። ከሁሉ የከፋው ግን ማሽኑ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ መጫኑ ነበር።

"ጌታዬ፣ አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቢያቆሙ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ይውላሉ። እንግዳውን የሚፈትሽ የለም" አሉ አቶ ታደሰ።

"እና ሌባው ማነው?" አሉ አለቃዬ።

"ሌባ የለም። ሁሉም የተጋበዘ ነው። ሂድ የሚለው አጥቶ ነው የቆየው።"

ብዙ ሰው የማይረዳው ይህን ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙ የሄደ ይመስላል፤ አንዳንዱ ግን ስክሪኑ ጥግ ካለው ሰዓት አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀስት ሥር ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል። ያ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። አንቲቫይረስ ከጀርባ ካልሠራ ጥቅም የለውም። ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው አፕዴትም እንዲሁ ነው። ማተሚያው ወረቀት የሚያወጣው ከጀርባ የሚጠብቀው ፕሮግራም ስላለ ነው። ችግሩ ሁሉም ጠዋት ባንድ ላይ ሲነሡ ነው። አቶ ታደሰ ለአሁን መዝጋትንና ነገ ጠዋት እንዳይነሣ ማድረግን ለይተው አስተማሩኝ። ዛሬ የተዘጋው ነገ ይመለሳል። እንዳይመለስ የሚፈለገውን አብረው ከሚነሡት ዝርዝር ውስጥ ማጥፋት ነው፤ ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሲፈለግ በእጅ ይከፈታል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ፋን ሲረጋጋ ይሰማሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። "ሦስት ባንድ ጊዜ ከዘጋሁ የትኛው እንዳዳነው አላውቅም፤ የትኛው እንደጎዳውም" ይላሉ። ስሙን የማያውቁትን ደግሞ አይነኩም። ጮክ ብለው ስሙን ይጠራሉ፤ "ይህ የማን ነው?" ይላሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪመልስ ይጠብቃሉ። ማንም ካላወቀው ለነገ ያሳድሩታል። አንዳንድ ሠራተኞች "ጥሪ አደረጉ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ቆይቶ የራሴ ልማድ ሆነ።

ወደ ፍርድ ቤት ከተዛወርኩ በኋላ የምስክር ቃል በድምፅ መቅዳት ተጀመረ። ሥራዬ ችሎት ላይ መቅዳትና በኋላ በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጥኩ ግልባጩን መጻፍ ሆነ። ጌዴኦኛው፣ ከዚያ የማርቆስ ትርጉም፣ ከዚያ የዳኛዋ ጥያቄ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ሥራውን ወደድኩት። ሰዎች ፊት ለፊት የማይታይባቸው ነገር በድምፃቸው ይሰማል። ስላዳመጥኩት ነገር ግን ለማንም አልናገርም ነበር። ዳኛዋ በመጀመሪያው ቀን "ግልባጭ የሚጽፍ ሰው ጆሮ እንጂ አፍ የለውም" ብለውኝ ነበር፤ እኔም ቢሆን ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም።

የመቅጃው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ድምፅ ሲሰማ የሚዘል አረንጓዴ መስመር ነበረው። ይህ ችግር አመጣ። ምስክሮች ዳኛዋን ትተው መስመሩን ያዩ ጀመር። አንድ ሰውዬ እንዲያውም መስመሩ ከፍ እንዲልለት ብሎ መጮህ ጀመረ። ስለዚህ በዳኛዋ ትእዛዝ መቅጃው ከተነሣ በኋላ መስኮቱን እየደበቅን ከጀርባ እንዲሠራ አደረግነው። ከቀስቷ ሥር አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ትቀራለች። ምልክቷም ሆነች በዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ስም መቅጃ አይመስልም፤ የሠሪዎቹ ምህፃረ ቃል ነው። ድምፁም ፋይል ሆኖ የሚቀመጠው አቁም ተብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ይህን እኔና ሌላዋ ጸሐፊ እናውቃለን። አቶ ታደሰ ያኔ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይዞሩ ስለነበር መቅጃውን የጫነው ሌላ ሰው ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

አባባ በራሶ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ከላይ ስላለው እንሰት ተናገሩ። ከዚያ የአስቴርን አባት ስም ጠሩና ንግግራቸውን አቆሙ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። በዚያው ቅጽበት ይሁን ቀደም ብሎ፣ ከኋላዬ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። በኋላ እንዳወቅነው አንቲቫይረሱ ሰዓቱ ደርሶ ማሽኑን በሙሉ መፈተሽ ጀምሮ ነው።

ሁላችንም ማሽኑ አቋረጣቸው ብለን አሰብን። ሽማግሌ ሲናገር ከላዩ ላይ የሚናገር የለም። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ከውጭ የመጣውም ከተማችን ውስጥ ሲኖር ይማረዋል። ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካክሎ ማሽኑን በግልምጫ አየው። ተክሌ እንኳ ተሸማቀቀ። ዳኛዋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ፖሊሱ በእግሩ ጣት ጫፍ እየሄደ ወጣና በሚቀጥለው ክፍል ማተሚያ ይጠግኑ የነበሩትን አቶ ታደሰን ጠራቸው። ገብተው እጅ ነሱ፣ ሰዓታቸውን ፈቱ፣ ተቀመጡ።

"ይህ የማን ነው?" ብለው ጮክ ብለው ሊጠሩ አይችሉም ነበር። ሽማግሌ ቃል እየሰጡ ነው። እኔ ፊቴ ወደ አባባ በራሶ ነበር። አንዱን ዘግቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅም አልሆነም፤ ችሎቱ በሙሉ እርሳቸውን ይጠብቃል። ባንድ ጊዜ ብዙ ዘጉ። ፋኑ ዝም አለ።

ሁሉም ደስ አለው። ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ። አባባ በራሶም ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ፤ ያን ዕለት እንደተናገሩት ምስክር ተናግሮ አላውቅም። ድንበሩን በዛፍና በድንጋይ ጠሩት። ከወንዙ በታች ያለውን ቡና ማን ከማን ጋር እንደተከለው ሳይቀር ተናገሩ። ማርቆስ በቤተ ክርስቲያን መዘምር ስለሆነ ድምፁ ያምራል፤ ሲተረጉመው ክፍሉ ውስጥ ሳል እንኳ አልተሰማም።

ሰው ሲወጣ ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ቀስቷን ተጫንኩ። ምልክቷ አልነበረችም።

"አቶ ታደሰ" አልኩ።

ፊቴን አዩና ሰዓታቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሡ ተመልሰው ተቀመጡ። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ፈለጉ። ጊዜያዊ ፋይሎችን፣ የተሰረዙትን፣ ሌላም እኔ የማላውቀውን ቦታ። ድምፁ የትም አልነበረም።

መቅዳት ከተጀመረ ወዲህ ዳኞች በእጅ የሚጽፉት አጭር ነው። የዳኛዋ ማስታወሻ "ምስክሩ ክፍፍሉን አይተዋል" ከማለት አያልፍም ነበር። የተክሌ ጠበቃ በመዝገብ የሌለ ቃል ማስረጃ አይሆንም አለ። ዳኛዋም እርሱ እንዳለው ነው፤ ምስክሩ ድጋሚ ይጠሩ ብለው አዘዙ። አባባ በራሶ መጥሪያውን አልቀበልም አሉ።

ሁለተኛ መጥሪያ ማርቆስ ይዞ ሲሄድ አቶ ታደሰ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብለው ዳኛዋን አስፈቀዱ፤ እኔም አብሬ እንድሄድ ለመኑኝ። ዳኛዋ "ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል እንዳትናገሩ" አሉን። በሞተር ሳይክል እስከሚያስኬደው ሄደን የቀረውን በእግር ወጣን። አባባ በራሶ የተሰጣ ቡናቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይከላከሉ ነበር።

"ደግማችሁ መጣችሁ?" አሉ። ማርቆስ ይተረጉምልን ጀመር። "እጄን አንሥቼ ምዬ ተናግሬያለሁ። አሁን ሌላ ብምል የፊተኛው ምን ነበር ሊባል ነው?"

"የርስዎ ጥፋት አይደለም አባባ። እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ አቶ ታደሰ።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ማሽኑ ጮኸ። እርስዎም ዝም አሉ። እንዳይረብሽዎት ብዬ ነው።"

 ሽማግሌው ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው ሳቅ ነበር።

"ማሽን ጮኸ እንዴ? እኔ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ እኮ ደክሟል። ዝም ያልኩት የጓደኛዬን ስም ስጠራ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው።"

ማርቆስ ይህን ሲተረጉም ወደ መሬት እያየ ነበር።  ዶሮዋ ቡናው ላይ ወጣች፤ የሚያባርራት ጠፋ።

ቆይተው አባባ በራሶ፣ "አልምልም። ዳኛዋ መሬቱ ላይ ትምጣ፤ ሄጄ አሳያታለሁ። እግር አይምልም" አሉ።

ዳኛዋ ቦታውን ለማየት ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው ሁላችንም ዳገቱ ላይ ተገኘን፤ ያን ዕለት እኔ በእጄ ነበር የምጽፈው። አባባ በራሶ ከላይ ካለው ዋንዛ ተነሥተው በእንሰቱ መካከል አቋርጠው ወረዱ። በየድንበሩ ይቆሙና በበትራቸው መሬቱን ይነካሉ፤ አይናገሩም። ዳኛዋ ይከተላሉ፣ ማርቆስ ዛፉን በስሙ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሊነሡ ሞከሩ፤ እግራቸው እምቢ አለ።

"አባባ፣ ላዝልዎት" አለች አስቴር፤ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች።

"ተሸክማቸው ከሄደች የሄደው ማን ነው ሊባል ነው?" አለ ጠበቃው።

"አንተ ዝም በል! እናትህ አዝላህ ስትሄድ የሄድከው አንተ አልነበርክም?" አለች።

ማርቆስ ሳቁን ዋጠ። ዳኛዋ ግን ጠበቃው ያነሣው ነገር ልክ ነው፤ ለሌላ ቀን ይሁን አሉ። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። አባባ በራሶ ከአልጋ ሳይነሡ ቀጠሮው አለፈ፤ ለሁለተኛው ቀጠሮም አልተነሡም።

ፍርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻ ሥራዬም እርሱ ሆነ፤ የጡረታ ደብዳቤዬ ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ለአስቴር እስከ ወንዙ ያለው ተፈረደላት። ከወንዙ በታች ያለው ቡና ማስረጃ ስላልቀረበበት ለተክሌ ቀረ።

ከተነበበ በኋላ ጠረጴዛዬን ጠርጌ፣ ቁልፉን ለሌላዋ ጸሐፊ ሰጥቼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። አቶ ታደሰ አስቴር ፊት ቆመው ነበር። ተክሌና ጠበቃው ትንሽ ራቅ ብለው ወረቀታቸውን ያጥፋሉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" ይላሉ አቶ ታደሰ።

"ተው እንጂ ጋሼ" አለች አስቴር። "ለሽማግሌ ክብር ብለህ ነው ያደረግከው። ክብራችን ትንሽ ቢያንስ ኖሮ ቡናዬ ይተርፍ ነበር፤ ምን ይደረግ!"

ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ እኔን አየችና መንገዱን ዘጋችብኝ።

"እትዬ፣ አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ። ሰው ሁሉ ፍርዱን ሲሰማ አስቴር ዋሽታ ነበር ይላል። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ከወንዙ በታች ያለው የአባቴ ነው ብለዋል ወይስ አላሉም?"

ተክሌ ወረቀቱን ማጠፍ ተወ። ጠበቃው፣ "ይህች የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አትመልስም" አለ።

"ብለዋል" አልኩ። "አባትሽና እርሳቸው አብረው እንደተከሉትም ተናግረዋል።"

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።